የጋዝ ሲሊንደር ውስጥ ስንት ኪሎ እንደቀረ የማውቅበት መንገድ

ረቡዕ ነበር፤ የጾም ቀን። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ትልቁ ድስት ውስጥ ያለው ሽሮ ቱክ ቱክ ማለት ጀምሯል። ከጎኑ ምስር ተጥዷል። እሳቱ ቀስ እያለ አነሰ። ጫፉ ቢጫ ሆነ። ከዚያ ድርግም አለ።

25 ሰው ምሳ ይጠብቃል። መብራትም ጠፍቷል፤ ስለዚህ የኤሌክትሪክ ምድጃዬ አይረዳኝም። ማታ ከመተኛቴ በፊት ሲሊንደሩን ነቅንቄ «ገና አለው» ብዬ ነበር።

የምኖረው አራት ኪሎ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ምሳ እየሠራሁ በአካባቢው ላሉ ቢሮዎች አደርሳለሁ። ሕንፃው ሊፍት የለውም። የእኔ ሲሊንደር 12.5 ኪሎ ጋዝ ይይዛል፤ ከነብረቱ 27 ኪሎ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ያንን ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣልኝ ልጅ አለ፤ ግን እሱም የራሱ ሥራ አለው። በተጠራ ደቂቃ አይደርስም። ያን ቀን ሽሮውን ጎረቤት ቤት፣ ከሰል ላይ ጨረስኩት። ስድስት ሰዓት መድረስ የነበረበት ምሳ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ላይ ደረሰ። ሁለት ደንበኞቼ ከዚያ በኋላ አላዘዙኝም።

ሲሊንደሩን በሚዛን መመዘን ከጀመርኩ ወዲህ ጋዝ ድንገት አልቆብኝ አያውቅም። እንዴት እንደምከታተለው ልንገራችሁ። ለቤታችሁ ብቻ የምታበስሉም ብትሆኑ፣ እንደ እኔ ለሰው የምታበስሉም ብትሆኑ ይሠራል።

መጀመሪያ የማይሠራውን

ብዙ ሰው ሲሊንደሩን ይነቀንቃል። አንዳንዱ በጣቱ ያንኳኳና ድምፁን ያዳምጣል። አንዳንዱ ደግሞ ትንሽ ከፍ አድርጎ «ቀሏል» ወይም «ገና ነው» ይላል። እኔም ይህን ሁሉ አድርጌያለሁ። ችግሩ ብረቱ ራሱ ከባድ ነው። የእኔ ባዶው ብቻ 14.2 ኪሎ ይመዝናል። 2 ኪሎ ጋዝ ቢኖረውም 5 ኪሎ ቢኖረውም፣ ወገቧን ይዛ ለምታነሳ ሴት ያው ከባድ ነው። ሲነቀነቅ የሚላወሰውም ነገር አንድ ኪሎ ይሁን አራት ጆሮ አይለየውም።

ከዚያ ረቡዕ በኋላ መጀመሪያ የገዛሁት ሰዓት መሳይ ግፊት መለኪያ ነበር። ሲሊንደሩ አፍ ላይ ሆኖ የጋዙን ግፊት ከሚቀንሰው ከሬጉሌተሩ ጋር የሚገጠም፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ያለው። ደስ ብሎኝ ገጠምኩት። አረንጓዴ ላይ ቆመ። ሳምንት አለፈ፣ አረንጓዴ። ሁለት ሳምንት አለፈ፣ አሁንም አረንጓዴ። በመጨረሻው ቀን ጠዋት አረንጓዴ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ቀይ ሆነና እሳቱ ጠፋ።

መለኪያው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። ወስጄ አሳየኋቸው።

«አልተበላሸም» አሉኝ። «አንቺ ያልሆነ ነገር ጠይቀሽው ነው።»

እንዲህ አስረዱኝ። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጋዝ አብዛኛው ፈሳሽ ነው። ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉ ነገሮች በግፊት ታምቀው ፈሳሽ ሆነዋል። ከፈሳሹ በላይ ባለው ባዶ ቦታ እንፋሎቱ ይቀመጣል። ምድጃው ላይ የሚነደው ያ እንፋሎት ነው። እንፋሎቱ ሲወጣ ፈሳሹ ትንሽ ይተንና ቦታውን ይሞላል። ስለዚህ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱ ያው ነው። ግፊቱን የሚወስነው የፈሳሹ ብዛት ሳይሆን ሙቀቱ ነው።

«ጀበና አስቢ» አሉኝ። «ግማሽም ይሁን ሙሉ፣ ከፈላ በአፉ የሚወጣው እንፋሎት ያው አይደለም? እንፋሎቱን አይተሽ ስንት ሲኒ እንደቀረ ትናገሪያለሽ?»

አልናገርም። መለኪያው ውሸት አልነገረኝም። ፈሳሹ ጨርሶ ሲያልቅ ብቻ ነው ግፊቱ የሚወርደው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለማወቅ ረፍዷል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መለኪያ ልትገዙ ካሰባችሁ ገንዘባችሁን ለሚዛን አውሉት።

ሚዛን

ሐቁን የሚናገረው ክብደት ነው። ጋዝ ሲነድ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ብረቱ ግን አይቀንስም። ሥራው መቀነስ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ የሲሊንደራችሁን ባዶ ክብደት ፈልጉ። ብረቱ ላይ ተቀርጿል። ቫልቩን ዙሪያውን የሚጠብቀው፣ ሲሊንደሩን ስናነሳ የምንይዘው ብረት አለ አይደል? እሱ ላይ ወይም ከእሱ ዝቅ ብሎ ትከሻው ላይ ታገኙታላችሁ። ብዙ ጊዜ «ቲ» ወይም «ቲ ደብሊው» የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት አጠገቡ አሉ። ቀለም ተደራርቦበት ካልታያችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉትና የስልክ መብራት ከጎን አብሩበት። ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን። ቁጥሩ ጥላ ይሠራና ይነበባል። የእኔ ቁጥር 14.2 ነው። የእናንተ ሌላ ነው፤ የጎረቤትን ቁጥር አትዋሱ። ባዶውን ሰጥታችሁ ሌላ ሲሊንደር ከተቀበላችሁም ቁጥሩን እንደገና አንብቡ፤ ሁለት ሲሊንደር አንድ ዓይነት መስሎ በክብደት ሊለያይ ይችላል።

ሚዛኑ ልዩ ነገር አይደለም። ሰው የሚመዘንበት፣ መሬት ላይ የሚቀመጠው ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። ሲሊንደሩ ሲቀመጥበት ቁጥሩን ስለሚሸፍነው እኔ መሐሉ ላይ ወፍራም የእንጨት መክተፊያ አስቀምጣለሁ። ሲሊንደሩ መክተፊያው ላይ ይቆማል፤ ቁጥሩ ከሥር ይታያል። ይህን ስታደርጉ ሁለት እጃችሁ ሲሊንደሩ አጠገብ ይሁን፣ እንዳይወድቅ። ንባቡ እስኪቆም ግን አትንኩት።

የሻንጣ ሚዛንም ይሆናል። ዘመድ ውጭ ያለው ቤት ሁሉ አንድ አይጠፋም፤ በርበሬና ሽሮ ስንልክ የምንመዝንበት። አብዛኛው እስከ 50 ኪሎ ያነሳል። ሚዛኑን ሲሊንደሩ እጀታ ላይ አያይዙት፤ በላዩ በኩል ጠንካራ እንጨት አሳልፉና ሁለት ሰው ሆናችሁ አንሱ። ብቻችሁን አትሞክሩት። እኔ ሞክሬው ወገቤን ሦስት ቀን አሞኛል።

አሁን ስሌቱ። ሬጉሌተሩንና ጎማውን ሳልነቅል ነው የምመዝነው። ነቅሎ መግጠም በበዛ ቁጥር የማፍሰስ ዕድሉም ይበዛል። ምድጃውን አጥፍቼ ቫልቩን እዘጋለሁ። ሬጉሌተሩና ጎማው ሲሊንደሩ ላይ የሚጨምሩት 0.4 ኪሎ ነው፤ አንዴ ለክቼ ጽፌዋለሁ። መክተፊያው 1.1 ኪሎ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ 1.5።

ሚዛኑ 20.9 አለ እንበል። 1.5 ስቀንስ 19.4። ባዶው ብረት 14.2 ስለሆነ የቀረው ጋዝ 5.2 ኪሎ ነው። ከ12.5 ኪሎው አርባ በመቶ ትንሽ የሚበልጥ።

ግን 5.2 ኪሎ ማለት ስንት ቀን ነው? ይህን የሚነግራችሁ ደብተራችሁ ነው። እኔ ፍሪጁ ላይ በማግኔት የተያዘች ትንሽ ደብተር አለችኝ። ሰኞ ጠዋት ሥራ ከመጀመሬ በፊት እመዝናለሁ፤ ቀኑንና ኪሎውን እጽፋለሁ። ዓርብ ማታም እንዲሁ። በመሐል ያለው ልዩነት ለአምስት ሲካፈል የቀን ፍጆታዬ ይወጣል። በእኔ ቤት 0.6 ኪሎ አካባቢ ነው። ስለዚህ 5.2 ኪሎ ስምንት የሥራ ቀን ያስኬደኛል። አንድ ሙሉ ሲሊንደር ደግሞ ሃያ ቀን።

ገና ደብተር ለሌለው ሰው በግምት መነሻ የሚሆን ነገር ልስጥ። አንድ ኪሎ ጋዝ ሲነድ 12.8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ይሰጣል። አንድ የምድጃ ማቃጠያ ሙሉ ተከፍቶ 3 ኪሎዋት ቢሆን በሰዓት ከ0.2 ኪሎ ትንሽ በላይ ይበላል። 12.5 ኪሎው በዚያ ስሌት ከ50 ሰዓት በላይ ነው። ምድጃችሁ ስንት ኪሎዋት እንደሆነ ከጀርባው ወይም ከሥሩ ተጽፎ ታገኙ ይሆናል። ቢሆንም እውነተኛው ቁጥር የራሳችሁ ደብተር ቁጥር ነው። ሽሮ የሚያንተከትክ ሰውና ሻይ ብቻ የሚያፈላ ሰው እኩል አይጨርሱም።

ከተማችንም የራሷ ነገር አላት። አራት ኪሎ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ እንጂ በ100 አይደለም። ባቄላና ሽምብራ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ሌሊቱን መዘፍዘፍና ድስት መክደን በደብተሬ ላይ የሚታይ ለውጥ አምጥቷል።

ሚዛናችሁ ልክ መሆኑን አረጋግጡ

ይህን የተማርኩት ከሰው ጋር ተጨቃጭቄ ነው። አንድ ቀን ከአንድ መሸጫ የመጣ «ሙሉ» ሲሊንደር መዘንኩ። የአፉ ማሸጊያ ፕላስቲክ አልተነካም። ብረቱ ሲቀነስ የቀረው 10.9 ኪሎ ነው። 1.6 ኪሎ ጎደለ። ለእኔ ሁለት ቀን ተኩል ማለት ነው። ሄጄ ስናገር «የቤት ሚዛን አይታመንም» ተባልኩ። የምመልሰው አጣሁ። ልክ ይሁን አይሁን እኔም አላውቅማ።

ቤት ገብቼ ባዶ ጄሪካን መዘንኩ። ከዚያ አሥር ባለ 2 ሊትር የታሸገ ውሃ ገልብጬበት እንደገና መዘንኩ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱ 20 ኪሎ መሆን አለበት። ሚዛኔ 20.1 አለ። ጄሪካኑን እስከ አፉ ብቻ ሞልታችሁ «20 ሊትር ነው» አትበሉ፤ ብዙው ጄሪካን እስከ አፉ ሲሞላ ከ20 ያልፋል። የታሸገው ውሃ መጠኑ ስለተጻፈበት ይሻላል። ውሃው አልባከነም፤ ለምግቡ ዋለ።

በማግስቱ ሚዛኔን በፌስታል ይዤ ተመለስኩ። እዚያው ፊታቸው ሌላ ሲሊንደር አስመዝኜ ሙሉ የሆነውን ተቀበልኩ። አሁን ከመክፈሌ በፊት ነው የማስመዝነው። ልጁ እንኳ ለምዶታል። ደረጃውን ከመውጣቱ በፊት ታች በር ላይ ቆሞ ይጠራኛል።

«እትዬ፣ ሚዛኑን ይዘሽ ውረጂ፤ ሁለቴ አልወጣም!»

እውነቱን ነው። ልጁ ጎዶሎ ሲሊንደር ተሸክሞ አራት ፎቅ ወጥቶ እንዲያወርደው አልፈልግም።

ሚዛን በሌለበት፣ ሙቅ ውሃ

እናቴ ቤት ሚዛን የለም። እሷ ጋ ስሄድ የማደርገው ይህን ነው።

አንድ ሊትር ያህል ውሃ አሞቃለሁ። የፈላ አይደለም፤ እጅ ገብቶ «ኧረ ይሞቃል» የሚባልበት ያህል። ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ከትከሻው ጀምሬ በአንድ ጎኑ ቀስ ብዬ አወርደዋለሁ። ቫልቩና ሬጉሌተሩ ላይ አላፈስም። ትንሽ እጠብቃለሁ፤ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ መዳፌን ከላይ ወደ ታች በብረቱ ላይ አሳልፋለሁ። የላይኛው ክፍል ሞቅ ብሎ ይቆያል። አንድ ቦታ ላይ ግን ድንገት ይቀዘቅዛል። ያ ቦታ የፈሳሹ ከፍታ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከብረቱ ጀርባ ፈሳሽ ካለ ፈሳሹ ሙቀቱን ወዲያው ይወስደዋል። እንፋሎት ብቻ ካለ ግን የሚወስደው ስለሌለ ብረቱ እንደሞቀ ይቆያል። ምልክቱን ካገኛችሁ በጠመኔ መስመር አድርጉበት። በሚቀጥለው ሳምንት ስትለኩ የወረደውን ታያላችሁ።

ሁለት ነገር አስታውሱ። ሙሉ የሚባል ሲሊንደር እስከ አናቱ ፈሳሽ አይደለም። ፈሳሹ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ከላይ ባዶ ቦታ ይተውለታል። የፕሮፔን ታንክ እስከ 80 በመቶ ነው የሚሞላው። ስለዚህ አዲስ ሲሊንደር ላይ ቅዝቃዜው ከትከሻው በታች ቢጀምር ተሰረቅን አትበሉ። ሁለተኛ፣ ታች ያለው የእግር ቀለበት ባዶ ብረት ነው፤ ከመሬት አትለኩ፤ የሲሊንደሩ ሆድ ከሚጀምርበት ለኩ።

ውሃም ሳያስፈልግ የሚታይበት ጊዜ አለ። ፈሳሹ ሲተን ሙቀት ከራሱና ከብረቱ ይወስዳል። ትልቁን ምድጃ ለረጅም ጊዜ ስታነዱ የሲሊንደሩ የታች ክፍል ይቀዘቅዛል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ልክ ቀዝቃዛ ለስላሳ ጠርሙስ እንደሚያልበው ያልበዋል። ላቡ የሚያቆምበት መስመር የፈሳሹ ከፍታ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እንደ መስመር ተሰምሮ አየዋለሁ። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ አይታይም። ስላልታየ ጋዝ የለም ማለት አይደለም።

ወንድሜ ያሳየኝ

ወንድሜ አሜሪካ ነው። ከባለቤቱ ጋር ሆነው በመኪና የሚጎተት ቤት ገዝተዋል። ውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ ያለው። ክረምት ሲገባ ቤቱን የሚያሞቁት በፕሮፔን ነው። ከፊት ሁለት ሲሊንደር ታስሮበታል። ስለ ረቡዕዋ ነገር ስነግረው «እኛም ጋ ያው ነው» አለኝ። ሌሊት ብርድ ላይ ማሞቂያቸው ጠፍቶባቸው ያውቃል።

በቪዲዮ ሲያሳየኝ የገረመኝ ሬጉሌተሩ ነው። ሁለቱ ሲሊንደሮች ከአንድ ሬጉሌተር ጋር ተያይዘዋል። አንዱ ሲያልቅ ሬጉሌተሩ ራሱ ወደ ሌላው ያዞራል፤ እሳቱ አይቋረጥም። ትንሽ መስኮት አለችው። አረንጓዴዋ ወደ ቀይ ከተለወጠች ከፊት ሲጠቀሙበት የነበረው አልቋል ማለት ነው። ነገር ግን ሁለተኛው ውስጥ ስንት እንዳለ አትናገርም። ቀዩን ሳያዩ ሁለቱንም የጨረሱ ሰዎች ብዙ ናቸው አለኝ። እሱም ከእነሱ አንዱ ነበር።

አሁን ከእያንዳንዱ ሲሊንደር ሥር በማግኔት የሚጣበቅ መሣሪያ አድርጓል። መሣሪያው ከታች ወደ ላይ ድምፅ ይልካል፤ ለሰው ጆሮ የማይሰማ። ድምፁ የፈሳሹ ገጽ ላይ ደርሶ ሲመለስ የፈጀውን ጊዜ ይለካና ከፍታውን በስልኩ ላይ ያሳየዋል። ጥሩ ነገር ነው። ቢሆንም እሱ ራሱ ሲሊንደር ሲያስሞላ ክብደቱን ያያል። የእነሱም ብረት ላይ ባዶ ክብደቱ ተቀርጿል፤ በፓውንድ። የተለመደው ባለ 20 ፓውንድ የሚይዘው 9 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከእኔ ያንሳል።

ከእሱ የወሰድኩት ሁለት ሲሊንደር የመያዝን ነገር ነው። ሁለተኛ ሲሊንደር መግዛት ገንዘብ ይጠይቃል፤ እኔም ስድስት ወር አጠራቅሜ ነው የገዛሁት። የራሱ የሚያዞር ሬጉሌተር የለኝም፤ በእጄ ነው የምቀይረው። ሕጌ አንድ ነው፦ ሁለተኛው በተከፈተ ቀን ባዶው ወደ ታች ይወርዳል። «ነገ» ካልኩ ሁለት ሲሊንደር መያዜ ትርጉም የለውም።

ደብተሯ ያዳነችኝ ቀን

ሰው ሁሉ እንዲመዝን አጥብቄ የምለምነው በዚህ ምክንያት ነው። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ የሳምንቱ ስሌት 0.9 ኪሎ በቀን አለኝ። ደንበኛ አልጨመርኩም። ምግቡ ያው ነው። ስሌቱን ደገምኩት፤ ያው 0.9።

ሽታ አልሰማሁም። ወጥ ቤቴ በረንዳው ጋ ስለሆነ ንፋስ ይገባዋል። ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አፍንጫ ይሞላል። የሳሙና አረፋ በስፖንጅ አድርጌ ሬጉሌተሩን፣ መጋጠሚያውን፣ ጎማውን ሁሉ ቀባሁ። ጎማው ምድጃው ሥር የሚታጠፍበት ቦታ ላይ አረፋው ቁልጭ ቁልጭ እያለ ማበጥ ጀመረ። ደርቆ ተሰንጥቋል። ያን ዕለት ሥራ አቆምኩ። ቫልቩን ዘግቼ አዲስ የጋዝ ጎማና ሁለት አዲስ ማጥበቂያ ገዛሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ደብተሯ ወደ 0.6 ተመለሰች።

0.3 ኪሎ በየቀኑ ወደ ቤቴ ውስጥ ይፈስ ነበር። ልጄ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው የቤት ሥራውን የሚሠራው።

ስለዚህ ፍጆታችሁ ያለ ምክንያት ከጨመረ መጀመሪያ አረፋ ቀቡ። ክብሪት ለኩሶ መፈለግ የሚባል ነገር አይታሰብ። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ፕሮፔኑ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴኑ ሁለት እጥፍ ገደማ። ስለዚህ ወደ ላይ አይሄድም፤ ወለል ላይ ይተኛል፣ ጥግና ቀዳዳ ውስጥ ይጠራቀማል። ሲሊንደሩን ዝቅ ያለና የታፈነ ቦታ፣ ቁም ሳጥን ውስጥም አታስቀምጡ። ሽታው ከበረታባችሁ ቫልቩን ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ መብራት አታብሩ፣ የበራውንም አታጥፉ፣ ሰዉን ይዛችሁ ውጡ። የአዲስ አበባ እሳት አደጋ ስልክ 939 ነው። ከውጭ ሆናችሁ ደውሉ።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ሲሊንደሩ ሊያልቅ ሲል ሽታው ይጠነክራል። ጋዝ በራሱ አይሸትም፤ የምንሰማው ሽታ ለጥንቃቄ የሚጨመርበት ነው። ያ ሽታ ከጋዙ ዘግይቶ ስለሚተን መጨረሻ ላይ ይበዛል። «ሊያልቅ ነው» ብላችሁ ግን አትለፉት። አረፋውን ቀብታችሁ አረጋግጡ። አምስት ደቂቃ አይወስድም።

የመጨረሻዋን ጠብታ በተመለከተ

ሊያልቅ ሲል ሲሊንደሩን የሚያጋድሙ፣ የሚገለብጡ፣ የፈላ ውሃ ገንዳ ውስጥ የሚያቆሙ ሰዎች አይቻለሁ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ሲሊንደሩ ሲጋደም እንፋሎቱ ሳይሆን ፈሳሹ ወደ ሬጉሌተሩ ይገባል። ሬጉሌተሩ ለዚያ አልተሠራም፤ እሳቱ ሳይታሰብ ሊንቦገቦግ ይችላል። እዚያ ውስጥ የቀረችው ሁለት መቶ ግራም ለፊታችሁ ቆዳ አትመጥንም።

በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የሚመጣውን ደግሞ ለዩት። እሳቱ ደካማ ይሆናል፤ «አለቀ» ትላላችሁ። ትመዝኑታላችሁ፤ 2 ኪሎ አለው። ይህ የብርዱ ሥራ ነው። ፕሮፔን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪም ሆኖ ይተናል፤ ቡቴን ግን ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ካለ መትነን ያቆማል። ሁለቱ ተቀላቅለው ሲነዱ ፕሮፔኑ እየቀደመ ይወጣል፤ ታች የሚቀረው ቡቴን የበዛበት ነው። በረንዳ ላይ ሲያድር ይቀዘቅዝና ግፊቱ ይቀንሳል። ፀሐይ ወጥታ አየሩ ሞቅ ሲል ራሱ ይመለሳል። እኔ በእነዚያ ወራት የበዛ እሳት የሚፈልገውን ድስት ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው የምጥደው፤ ማለዳ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ ሰላጣ አጥባለሁ። ሚዛን ባይኖረኝ ኖሮ 2 ኪሎ ጋዝ ያለበትን ሲሊንደር «ባዶ ነው» ብዬ እመልስ ነበር። ስንቴ መልሼ ይሆን፣ በፊት።

ዛሬ ሰኞ ነው። ጠዋት መዘንኩ፤ ሚዛኑ 18.6 አለ። 1.5 ሲቀነስ 17.1፣ ብረቱ ሲቀነስ 2.9 ኪሎ። አምስት ቀን አይሞላም። ዓርብ ዕለት ያልቃል ማለት ነው። ሁለተኛው ሲሊንደር ሙሉ ነው፤ ማኅተሙ አልተቀደደም። ለልጁ ደውዬለታለሁ፤ ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ባዶውን ሊያወርድ ይመጣል።